ማርኮኒ፦ ሬዲዮ ማታ ርቆ እንደሚሄድ ባሕር ላይ የደረሰበት ሰው

ማታ ማታ ኤ.ኤም. ሬዲዮ ስትከፍቱ ቀን የማይሰማ የሩቅ አገር ጣቢያ ጥርት ብሎ ገብቶላችሁ ያውቃል? ይህን ነገር ቀድሞ ያስተዋለው ጣሊያናዊው ጉልዬልሞ ማርኮኒ ነው። ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1874 ቦሎኛ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ሙከራውን የጀመረው እዚያው ወላጆቹ ቤት፣ ከጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ነው።

በዲሴምበር 1901 ከእንግሊዝ የተላከ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ካናዳ ጠረፍ ላይ ሰማሁ አለ። ግን የሰሙት እሱና ረዳቱ ብቻ ናቸው፣ ማስረጃ የለም። ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ መሬት ደግሞ ክብ ናት፤ ታዲያ እንዴት ደረሰ? ብዙዎች አላመኑትም።

እሱም በ1902 ፊላደልፊያ በምትባል መርከብ ተሳፈረ። አሁን ምልክቱ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ካፒቴኑም ምስክር ነው። ውጤቱ ራሱን ማርኮኒን አስገረመው። ቀን ቀን ምልክቱ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጠፋ፤ ሌሊት ግን ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ!

ማርኮኒ የፀሐይ ብርሃን የላኪውን አንቴና የሚያዳክም መስሎት ነበር። ምክንያቱ ግን ሰማይ ላይ ነው። የፀሐይ ጨረር ከላይ ያለውን አየር እየመታ ኤሌክትሮን ያላቅቃል፤ ይህ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። ቀን ላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ንብርብር እንዲህ ያለውን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር ወዲያው ይሳሳል፤ ከእሱ በላይ ያለው ግን ሌሊቱንም ይቆያል። ሞገዱ እዚያ ይደርስና ተመልሶ ሩቅ አገር ያርፋል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን ይህን ንብርብር በ1924 በሙከራ አረጋግጦ በ1947 ኖቤል ተሸለመ።

ማርኮኒም በ1909 ኖቤል አግኝቷል። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰው የተረፈው በእሱ መሣሪያ በተላከ የድረሱልን ጥሪ ነው።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ማርኮኒ በ1923 የፋሽስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1935 ሙሶሎኒ አገራችንን ሲወርም ወረራውን በአደባባይ ደገፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮም ውስጥ ሲሞት የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ለ2 ደቂቃ ዝም አሉ። ያኔ አዲስ አበባ በፋሽስት እጅ ነበረች።

እናንተስ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ታስታውሱታላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።