ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን
(የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አጭር የሕይወት ታሪክ)

የታሪክ መምህራችን ከሞቱ ብዙ ዘመን ከሆናቸው ስመ ጥር ኢትዮጵያውያን መካከል የአንዱን ሕይወት እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፥ አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ የጦር ጀግኖችን መረጡ። እኔ ግን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን መረጥሁ። ስለ እኚህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መምራታቸው ነው። የጌጫ ልጅ ለዚህ ነገር ለምን እንደሚያስብ ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ፥ ሕፃኑ ወርቅነህ በአምባው ላይ ነበሩ። በዚያ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው ብቻቸውን ተገኙ። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት ብዙም አያልፍም ነበር። ቻምበርሌን የተባለ አንድ የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ይዟቸው ወደ ሕንድ አገር ተሻገረ። እርሱም ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ከሁለቱ አሳዳጊዎች ስም ተወስዶ ሕፃኑ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ሕፃኑ በዚያ አገር ምግብም ልብስም ትምህርትም አላጡም። ረዳቶቻቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ወርቅነህ የሚለውን ስም፥ የእናታቸውን ቋንቋና የአባታቸውን አገር ባንድነት አጡ። ርዳታ ሕይወትን እያተረፈ ስምን ሊያጠፋ መቻሉ እኔን ብዙ አሳስቦኛል።

ወጣቱ ማርቲን በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ኋላም ስኮትላንድ ሄደው በኤዲንብራ ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ ከዚያ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደኅና ደመወዝና ማዕርግ ነበራቸው፤ እዚያው ቢቀሩም የሚወቅሳቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ላይ ሲሰማ ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ። ከድሉ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና በሽተኛ ማከም ጀመሩ። አማርኛ ስለማያውቁ ከአገራቸው ሰው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ከመቅደላ የጠፋው ሕፃን ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ለአያታቸው ደረሰ። አሮጊቷም መጥተው በልጅነት የነበረውን ጠባሳ በገላቸው ላይ ፈልገው ባገኙ ጊዜ የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ሐኪሙ የተወለዱበትን ስም ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስሙን ከአያቱ አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኔ ልጽፈው አልችልም።

ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ተመልሰው ሠሩ፤ ደግሞም ከ1900 እስከ 1905 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ዐፄ ምኒልክንም አከሙ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ጡረታ ሲወጡም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። በዚያ ዘመን ከከፋ፥ ከሸካ፥ ከጊሚራና ከማጂ ሰው እየተያዘ ይሸጥ ነበር። በተለይ በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ጊሚራ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ተማርኮ ተወስዷል፤ በመንገድም ያለቀው ብዙ ነው። የተረፉት ጎጀብን ተሻግረው በጅማ በሂርማታ ገበያ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላውም አገር ይነዱ ነበር። የአያቴ አባት ታላቅ ወንድም በዚያ ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ተወስዶ እንደ ቀረ በቤታችን ይነገራል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ማፈር የሚገባው የተሸጠው አይደለምና።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ ታወጀ። ሕግ ግን ልጅን ከጌታው ቤት ያወጣው ይሆናል እንጂ ማደሪያ አይሰጠውም። ነፃ ወጥተሃል የተባለ የጊሚራ ልጅ አዲስ አበባ መካከል ቆሞ ወዴት ይሂድ? መንደሩ የሳምንታት መንገድ ርቋል፤ ቋንቋውን ረስቷል፤ ስሙንም ጌታው ለውጦታል። ይህ ልጅ ሌላ ሳይሆን የመቅደላው ሕፃን ነው ብዬ አስባለሁ፤ ልዩነቱ ኮሎኔል ያላገኘ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲቋቋም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኀላፊነቱን የሰጡት ለሐኪም ወርቅነህ ነበር። ፍቅርና አገልግሎት የተባለውንም ማኅበር የመሠረቱ እርሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቈጣጣሪም ሆነው ነበር። ስለዚህ በአንድ ወገን የመኳንንት ልጆች፥ በሌላ ወገን ትናንት የተሸጡ ልጆች በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የነፃ ወጪዎቹ ትምህርት ቤት ከተሸጠው ሕዝብ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነበር። ቢሆንም ድኻ አደግ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ሳይሆን እዚሁ በአገሩ፥ በአገሩ ቋንቋ እንዲማር መደረጉን ትንሽ ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከአስተርጓሚ ጋር አዲስ አበባ የገቡት እኚሁ ሰው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገር። የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በጠላት ወረራ ጊዜ ስለ አገራቸው ተከራከሩ። እርሳቸው በዚያ ሳሉ ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ከነፃነት በኋላ፥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሐኪም ወርቅነህም መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ለአባቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ፥ ያ የጠፋው ልጅ እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ዓመታቱን ቈጠርሁለት። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ያ ልጅ፥ በሕይወት ቢኖር፥ ሃያ ዓመት የሞላው ጐልማሳ ነበረ።