ዕፅ ወይስ እንስሳ? የአብርሃም ትራምብሌ ሕይወትና የመስታወት ዕቃዎቹ ጥቃቅን ነዋሪዎች

በቤት ውስጥ ባለ የዓሣ ማቆያ መስታወት ላይ ማንም ያላስገባው፣ ከጫፉ ቀጫጭን ክንዶች የተዘረጉለት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ፍጡር ተጣብቆ ቢገኝ፣ ምንነቱን መጠየቅ ተፈጥሯዊ ነው። ይህ ፍጡር ዛሬ ሃይድራ ይባላል፤ ወደ መስታወቱም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከውሃ ተክል ጋር ተጣብቆ ነው። ጥያቄውን በተደራጀ ሙከራ የመለሰው የጄኔቫ ተወላጁ አብርሃም ትራምብሌ ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ እየተከተለ፣ አንድን ያልታወቀ ፍጡር ለመለየት የተጓዘበትን መንገድ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራምብሌ በ1710 ተወለደ። በትውልድ ከተማው ሒሳብ ካጠና በኋላ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ፣ በዘ ሄግ አቅራቢያ በሶርግፍሊት ርስት የካውንት ዊሊያም ቤንቲንክ ሁለት ልጆች አስተማሪ ሆነ። ቤተ ሙከራም ሆነ የምርምር ተቋም አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹ ማጉያ መነጽር፣ መቀስና በመስኮት ዳር የተደረደሩ የመስታወት ዕቃዎች ነበሩ። ተማሪዎቹንም የተፈጥሮ ምልከታ ተካፋዮች አደረጋቸው።

በ1740 በጋ ከቦይ ውሃ ጋር ከቀዳቸው ተክሎች ላይ አረንጓዴ ጥቃቅን ነገሮች ተጣብቀው አየ። ቀለማቸውና ቅርጻቸው ዕፅ እንደሆኑ አሳሰበው። ክንዶቻቸው ሲንቀሳቀሱ ቢያይም፣ ሲነኩ የሚታጠፉ ተክሎች አስቀድሞ ይታወቁ ስለነበር እንቅስቃሴ ብቻውን በቂ ማስረጃ አልሆነለትም። ዕቃው ሲነቀነቅ ፍጡራኑ በቅጽበት ተኮማተሩ፤ ቀስ በቀስም ብርሃን ወዳለበት ወገን ተሰባሰቡ። ዕቃውን ባዞረው ጊዜ እንደገና ወደ ብርሃኑ ተመለሱ። ይህ ሁሉ ወደ እንስሳነት አመለከተው። የክንዶቻቸው ቁጥር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያይ ነበርና፣ የዕፅ ቅርንጫፍን ስለሚያስታውስ ጥርጣሬው ተመለሰ።

ይህን ለመቁረጥ ኅዳር 25 ቀን 1740 (በኖቬምበር) አንዱን ፍጡር ለሁለት ቆረጠው። የሙከራው አመክንዮ ግልጽ ነበር፤ ሁለቱም ክፍሎች ቢሞቱ እንስሳ፣ ሁለቱም ቢኖሩና ቢያድጉ ዕፅ ይሆናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጭራ የነበረው ክፍል ክንዶችን አወጣ፤ ሁለቱም ክፍሎች ሙሉ ፍጡር ሆኑ። ውጤቱ ዕፅ መሆኑን የሚደግፍ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የተሰበሰቡት ምልከታዎች ደግሞ ተቃራኒውን ይመሰክሩ ነበር። ትራምብሌ ከሁለቱ አንዱን አልጣለም፤ ይልቁንም መለያ አድርጎ የያዘው መስፈርት ራሱ ትክክል መሆኑን መጠራጠር ጀመረ።

ጉዳዩን ለፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ረኦሚር ጻፈለት፤ በ1741 መጀመሪያም ሕያዋን ናሙናዎችን ላከለት። የመጀመሪያዎቹ አየር በማያስገባ ሁኔታ ታሽገው ስለነበር በመንገድ ሞቱ፤ ቀጥለው የተላኩት ግን በሕይወት ደረሱ። ረኦሚር እንስሳት መሆናቸውን አረጋግጦ ሙከራውን በፓሪስ ደገመው። ትራምብሌም በበኩሉ ፍጡራኑ ትላትሎችንና የውሃ ቁንጫዎችን በክንዶቻቸው ይዘው ሲውጡ ተመለከተ፤ አረንጓዴ ያልሆኑ ዝርያዎችንም አገኘ። ስለሆነም ቀለም የዕፅነት ማስረጃ መሆኑ ቀረ። የአረንጓዴው ሃይድራ ቀለም በሕዋሳቱ ውስጥ አብረውት ከሚኖሩ አልጌዎች እንደሚመጣ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሌቨንሁክ ይህንኑ ፍጡር ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አይቶት ነበር፤ ትራምብሌ ሥራውን ሲጀምር ግን ይህን አያውቅም። የትራምብሌ ልዩ አስተዋጽኦ ከማየት አልፎ መመርመሩ ነው። ፍጡሩ በአካሉ ላይ እንደ ቡቃያ በሚወጡ ልጆች ያለ ተራክቦ እንደሚራባ አሳየ፤ ሁለቱን አጣብቆ አንድ አደረገ፤ እንደ ከረጢትም ገለበጠው። የራስ ክፍሉን ደጋግሞ በመሰንጠቅ ብዙ ራስ ያለው ሲያደርገውም የጥንቱን ተረት ሃይድራ አስታወሰ። ግኝቱ ከሥነ ሕይወት ያለፈ ክርክር አስነሣ፤ ነፍስ የማትከፈል ከሆነች ሲቆረጥ ሁለት ስለሚሆን እንስሳ ምን ይባላል? እያንዳንዱ ፍጡር በዘር ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ ይገኛል የሚለው አስተሳሰብም ተፈተነ።

ትራምብሌ ናሙናዎቹንና የአያያዝ ዘዴውን ለጠየቁት ሁሉ ያካፍል ነበር። ልግስናው ዋጋ አስከፍሎታል፤ የእሱ መጽሐፍ ሳይወጣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤከር በ1743 ስለዚሁ ፍጡር መጽሐፍ አሳተመ። ሆኖም ለማመን የሚያስቸግረው ግኝት ተቀባይነት ያገኘው ሌሎች በገዛ እጃቸው ሊደግሙት ስለቻሉ ነው። በዚያው ዓመት የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው፤ የኮፕሊ ሜዳልያም ሸለመው። የራሱ መጽሐፍ በ1744 በላይደን ታተመ።

በኋላ ወደ ጄኔቫ ተመልሶ ቤተሰብ መሠረተ፤ ስለ ልጆች አስተዳደግም ጻፈ፤ በ1784 ዐረፈ። የመለያ ሥራ ከአንድ ምልክት ላይ አይቆምም፤ ቅርጽ፣ ቀለም፣ እንቅስቃሴ፣ አመጋገብና መራባት በአንድነት ሊመዘኑ ይገባል። ማስረጃዎቹ ሲጋጩም ከናሙናው በፊት ሚዛኑን መፈተሽ ያስፈልጋል።