ሎርድ ክሮመርና የግብጽ ዕዳ

ኤቭሊን ቤሪንግ፥ ኋላ ሎርድ ክሮመር የተባለው፥ በ1841 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ክሮመር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በባንክ ሥራ የታወቀ ነበረ፤ እርሱ ግን ሥራውን የጀመረው በመድፈኛ መኰንንነት ነው። ከዚያም በሕንድ አገር የእንግሊዝ እንደራሴ ለነበረው ለዘመዱ ለሎርድ ኖርዝብሩክ ጸሐፊ ሆኖ አስተዳደርን ተማረ። በ1877 ወደ ካይሮ ሲላክ የተሰጠው ሥራ ዕዳ መቈጣጠር ነበረ።

ዕዳው እንዴት እንደ መጣ እናስታውስ። ኬዲቭ እስማኤል በ1863 ሲሾም የግብጽ የውጭ ዕዳ ጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ ነበረ፤ በ1876 ወደ 91 ሚሊዮን ደረሰ። ገንዘቡ በባቡር ሐዲድ፥ በመስኖ ቦይ፥ በቤተ መንግሥትና በከባድ ወለድ አለቀ። እኛን የሚነካም አለበት፤ በ1875 ጉንደት ላይ፥ በ1876 ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ጦር ድል የተመታው ሠራዊት ወጪ በዚሁ መዝገብ ገብቷል። የጉራ ጦርነት በመጋቢት ሆነ፤ በሚያዝያ ግብጽ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ በግንቦት የአበዳሪዎችን ጥቅም የሚጠብቅ የዕዳ ኮሚሲዮን በካይሮ ተቋቋመ። ቤሪንግ በዚህ ኮሚሲዮን የእንግሊዝ ተጠሪ ሆነ።

በ1877 ዓባይ እንደ ወትሮው ስላልሞላ በላይኛው ግብጽ ረኀብ ገባ። ይሁን እንጂ በ1878 የግንቦት ወለድ ቀኑ ሳያልፍ ተከፈለ፤ ገበሬው ለግብር ሲል ገና ያልታጨደ እህሉን ይሸጥ ነበር። በ1879 እስማኤል ተሻረ። በ1880 የወጣ ሕግ ዕዳውን ወደ 98 ሚሊዮን ወስኖ የመንግሥቱን ገቢ ግማሽ ያህል ለአበዳሪዎች መደበ። በ1882 መጀመሪያ የግብጽ ምክር ቤት በቀረው ግማሽ ላይ እንኳ ድምፅ ለመስጠት ቢጠይቅ እንግሊዝና ፈረንሳይ እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት በሐምሌ እስክንድርያ በመርከብ መድፍ ተደበደበች፤ በመስከረም የዑራቢ ፓሻ ሠራዊት በቴል ኤል ከቢር ተሸነፈ፤ አገሪቱም በእንግሊዝ ጦር ተያዘች።

በመካከሉ ወደ ሕንድ ሄዶ የነበረው ቤሪንግ በ1883 ሲመለስ ማዕርጉ ቈንስል ጄኔራል ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን ኬዲቩ ሳይቀር ከቃሉ አይወጣም ነበር። በ1885 ኃያላን መንግሥታት ዋስ የሆኑበት የ9 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ገቢው ከወጪው በለጠ። በዘመኑ የግዳጅ ሥራ እንደ ቀነሰ፥ ግብር እንደ ቀለለ፥ በ1902 የአስዋን ግድብ ተሠርቶ እንዳለቀ የሚክድ የለም።

ዳሩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው ወለዱ ነበረ። አገሪቱን ለያዘው ጦርም ግብጽ ራሷ ድርሻ ትከፍል ነበር። ለትምህርት የሚመደበው ለብዙ ዓመታት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ሲሆን፥ ቀድሞ በነጻ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ክፍያ ተጠየቁ። ክሮመር የሚፈልገው ለቢሮ የሚበቃ ጸሐፊ ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም ሲባል ግን አልወደደም።

በ1906 በደንሻዋይ መንደር የእንግሊዝ መኰንኖች የገበሬዎቹን ርግቦች ስለ ተኰሱ ጠብ ተነሣ፤ አንድ መኰንን ሞተ፤ አራት ገበሬዎች ተሰቀሉ። ቍጣው ሳይበርድ፥ በ1907፥ ክሮመር ሥራውን ለቀቀ። የእንግሊዝ ፓርላማ 50,000 ፓውንድ ሸለመው። በ1917 ሞተ። እርሱ በሄደ በዓመቱ፥ በ1908፥ ግብጻውያን በመዋጮ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲያቸውን በካይሮ ከፈቱ።

የክሮመር መዝገብ ቢመረመር ድምሩ ልክ ነው። በለንደንና በፓሪስ የተቀመጠው ባለ ገንዘብ ወለዱን በቀኑ አገኘ፤ ያልበላውን ዕዳ የከፈለው ገበሬ ግን ልጁን የሚያስተምርበት አላገኘም። እንግዲህ ስለ አንድ አገር በጀት ስንከራከር ገቢና ወጪው ተመጣጠነ ወይ ብለን ብቻ አንለፍ፤ ወጪውን ማን ወሰነ፥ ቀድሞስ ለማን ተከፈለ ብለን እንጠይቅ።