የእንዶዱ ሊቅና የሩቁ ሚዛን

ከጂንካ ተነስቶ ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ ብዙ አቧራ ከዋጠ በኋላ ኮልቾ ይደርሳል። ኮልቾ የካሮ ሰዎች መንደር ነች። የተቀመጠችው ገደል አፋፍ ላይ ሲሆን፣ የኦሞ ወንዝ ከሥሯ ተጠማዞ ሲያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎብኚዎች ወደዚያ የሚጎርፉት ካሮዎች ገላቸውን በነጭ ጠመኔ፣ በቀይና በቢጫ አፈር ሲያስውቡ ፎቶ ለማንሳት ነው። እኔ በቆምኩበት ቀን ግን ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። አንዲት እናት ቁልቁለቱን ወርዳ ቢጫ ጄሪካኗን ከወንዙ ሞላች፤ ትንሽ አረፍ አለችና ተሸክማ ወጣች። ውኃው ድፍርስ ነው። ሲያድር ጭቃው ይዘቅጥና ይጠራል። ከጠራ በኋላ በውስጡ የሚቀረውን ግን የእርሷም የእኔም ዓይን አያየውም።

ኦሞም እንደ ድሮው አይደለም። የጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ካሮዎች ሲሸሽ ጠብቀው ማሽላ የሚዘሩበት ዓመታዊ ሙላት ተለውጧል። ከላይ በኩል ደግሞ የኩራዝ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ከዚሁ ወንዝ ይጠጣሉ። መስኖ ሲመጣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ቦይ ይመጣል። ከቦዩ ጋር ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣው ጋር ቢልሃርዚያ ሊከተል እንደሚችል በአዋሽ ሸለቆ ያሉት የወንጂና የመተሐራ እርሻዎች አሳይተውናል። በኦሞም እንዲሁ ሆኗል ማለቴ አይደለም። ሆኗል ወይም አልሆነም ለማለት ግን መሣሪያ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሳወጣና ሳወርድ በሐሳቤ የመጡት፣ መሣሪያ በሌለበት አገር ሳይንስ ሲሠሩ ኖረው ያለፉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የያዙትም ጥናት ይኸው የቢልሃርዚያ ጉዳይ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ሆኖ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ከዚያም በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው ሲወጣ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት እንኳ አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ይበቃል። በግብጽ ገጠር ከመስኖ ቦይ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ ከዚያው ቦይ ውዱእ የሚያደርግ ገበሬ ሳያውቁት በሽታውን ይዘው ሲመለሱ ዘመናት አልፈዋል። ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቀንድ አውጣውን መግደል ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወርደው የቀንድ አውጣዎችን ኑሮ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ፤ ከላይ በኩል ግን በሕይወት አሉ። ከሴቶቹ አንዷን ለምነው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእንዶድ አረፋ አስጨመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እናቶቻችን የደረቀ ፍሬውን በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውኃ ዘፍዝፈው ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት ኖረዋል። ያንን አረፋ ያየ ሰው ቁጥር ሥፍር የለውም፣ ከታች የሞተውን ቀንድ አውጣ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ግን አንድ ሰው ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ሥራ ዓይንና አንድ ዕቃ ብቻ ነው የጠየቀው። ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ በፍሬው ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች የትኛው እንደሚገድል፣ በምን ያህል መጠን፣ በሰውና በከብት ላይ ምን እንደሚያደርስ መናገር ሌላ ነገር ነው። ለዚህ የኬሚስት መሣሪያ ያስፈልጋል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ለአሥር ዓመት ያህል መሩት። በዚያ የሥነ ፍጥረት ጥናቱና የመስክ ሥራው ተካሄደ። የፍሬውን ምሥጢር ለመፍታት ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሬው ራሱ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ ነበረበት።

በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሮበርት ፓርክኸርስት ከሚባል ኬሚስትና ከባልደረቦቹ ጋር ሠርተው ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ንጥረ ነገሩ ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ሰጪ የዕፅዋት ውሁዶች አንዱ ነው። ስሙም ለማቶክሲን ተባለ። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋልና፣ ልጅ ባገኘው መርዝ ላይ የአባት ስም ቀረ።

ይህን መለየት ያስቻለው ጥበብ ክሮማቶግራፊ ይባላል። መነሻው ቀላል ነው። ሚካኤል ጽቬት የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዋርሶ ከተማ የመስታወት ቱቦ በጠመኔ ዱቄት ሞላ፤ ያውም ካሮዎች ገላቸውን የሚቀቡትን የመሰለ ነጭ ዱቄት ነው። ከላይ የቅጠል ጭማቂ አፈሰሰበት። ጭማቂው ሲወርድ አንዱ ቀለም ጠመኔውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ቶሎ ይለቃል፤ በዚህ የተነሳ አረንጓዴ የሚመስለው ጭማቂ በየቀለሙ ተለያይቶ እንደ ጥለት ተደረደረ። በ1940ዎቹ ማርቲንና ሲንጅ የተባሉ እንግሊዛውያን ይህንኑ በወረቀት ላይ አካሄዱት፤ በ1952ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ የብረት ቱቦ የሚነዳ ፓምፕ ተጨመረና ቀን የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ።

ለእንዶድ ግን ይህም ቀላል አልነበረም። ሳፖኒን ቀለም የለውም። መሣሪያው ከቱቦው የሚወጣውን በብርሃን ነው የሚያየው፤ ሳፖኒን ደግሞ ዓይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ጫፍ ላይ ብቻ፣ ያውም በደካማው ራሱን ይገልጻል። በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ ሎዛን የኩርት ሆስቴትማን ቡድን በዚህ ዓይነት መሣሪያ የእንዶድን ሳፖኒኖች አንድ በአንድ ለክቷል።

ከዚያ ከሎዛን የወጣውን ነገር ሳነብ ለብቻዬ የሳቅሁበትን ላካፍላችሁ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአመዛኙ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ነው። በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን ወገን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ የቀረው ገዳይ ይሆናል። በላቦራቶሪ ወግ መሠረት ፍሬውን መጀመሪያ በአልኮል ያወጣ ኬሚስት ግን ኢንዛይሙን ያሰናክለዋልና፣ በእጁ የሚቀረው በአመዛኙ የማይገድለው ይሆናል። እንግዲህ የዓድዋዋ ሴት ሙቀጫና የውኃ ገበታዋ ትክክለኛው አሠራር ነበሩ። ይህን ለማወቅ ግን ከእርሷ ሙቀጫ እስከ ሎዛኑ ፓምፕ ሃያ ዓመት ፈጀ።

በመስክ የተገኘውም ውጤት ትንሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድ ተሞከረ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ቁጥር ብቻውን በር በከፈተ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ግን ዓለም አቀፍ ተቋማትን ደጅ ሲጠኑ ዓመታት አለፉ። የሚሰጣቸው መልስ፣ የመርዛማነት ፍተሻው በታወቀው የመልካም ላቦራቶሪ አሠራር ደንብ መሠረት በተመሰከረለት ላቦራቶሪ ይሠራ የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ደግሞ በአገራችን አልነበረም።

ይህ ደንብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ለመድኃኒትና ለፀረ ተባይ ኩባንያዎች ፍተሻ የሚሠሩ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤት ሲፈበርኩ ተያዙ። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ መሣሪያ መቼ እንደተስተካከለ፣ ማን እንደለካ፣ ምን እንደተመዘገበ የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ፤ በ1981ም የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ተቀበለው። ያጭበረበሩት እነርሱ ሆነው ሳለ ዕዳው ምንም ላልዋሸው ኢትዮጵያዊ ደረሰ።

ያም ሆኖ ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናችን እኩል ይሁን። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ይፈተሽ ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ዓይንም ያቃጥላል። እንደ ኮልቾ ባለ መንደር ሰው ከወንዙ ጠጥቶ፣ ከወንዙ ዓሣ አውጥቶ ነው የሚኖረው። ዶክተር አክሊሉም ፍተሻውን አልጠሉም። ያንገበገባቸው መፈተሻው በእጃችን አለመሆኑ፣ በአፍሪካ የተሠራ ሥራ በሌላ እጅ ካልተደገመ እንደ እውነት አለመቆጠሩ ነበር። በመጨረሻ ፍተሻው የተካሄደው በ1990 አካባቢ፣ በካናዳ ድጋፍ ነው። እስከዚያው ድረስ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጥቶ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣውን ከመግደል ይልቅ ሰውን ወደ ማከም ዞሮ ነበር። ቀኑ ሳይመሽ ቢደርስ ኖሮ እንዶድ የት በደረሰ ያሰኛል።

በዚህ መካከል ብቻቸውን አልነበሩም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሊቅ ከየአካባቢው 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው አወዳደሩና ከሁሉ የበረታውን መረጡ፤ ቁጥሩ 44 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ በአንድነት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990 ደግሞ በአሜሪካ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቱቦ የሚዘጋውን የሜዳ አህያ ቀንድ አውጣ የሚባለውን ዛጎል ለበስ እንደሚገድል ታየ። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ድርሻ ምን እንደሆነ የጠየቁ ጸሐፊዎች ነበሩ።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዕድሜያቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አገልግለዋል፤ በፍሎሬንስ የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997፣ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከኮልቾ ስመለስ ከዚያች እናት ጎን ቆሜ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድቼ ይዤ ነበር። እርሳስ ይኖርበት እንደሆን ለማወቅ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ሠራተኞቹ ትሁቶች ናቸው፣ መሣሪያውም ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ በክብር ተቀምጧል። ይህ መሣሪያ ለየብረቱ የተለየ አምፑል ይፈልጋል፤ ለመዳብ የመዳብ፣ ለእርሳስ የእርሳስ አምፑል። የመዳቡ አለ አሉኝ። የእርሳሱ ተቃጥሎ ከውጭ እንዲገዛ ተጠይቋል። ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ጠርሙሱ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ጭቃው ከሥሩ ዘቅጦ ውኃው ጠርቷል።