አሚር ኑርና የጀጎል ግንብ፦ በሕይወት መትረፍ ደመ ነፍስ ነው ወይስ ኒያ?



እሳት ሲነካን እጃችንን የምንሰበስበው አስበን አይደለም። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ዋና ባይችልም ይፍጨረጨራል። ይህን ደመ ነፍስ አላህ (ሱ.ወ) ለሰውም ለእንስሳም ሰጥቷል። ታዲያ በሕይወት መትረፍ ማለት ይኸው ብቻ ነው? ጥያቄውን ይዘን ወደ አንድ ሰው ታሪክ እንሂድ። ከድሬ ጠያራም ሆነ ከኤረር መጥቶ ሐረር ጀጎል የሚገባ ሁሉ የእሳቸውን ዘመን ሥራ አልፎ ነው የሚገባው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ (ረሒመሁላህ)።

አሚር ኑር የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የእህት ልጅ ናቸው። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ ሠራዊታቸው ተበተነ፤ የተረፈው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሸሸ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራም ከተረፉት ወታደሮች ጋር ሆነው ሐረር ገቡ። ልጃቸው ሙሐመድ ግን ተማርኮ ቀረ። በሌላ ወገን የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ቀደም ሲል ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበር። ሁለቱ እናቶች የጦርነቱ ቁስል ሳይሽር ልጆቻቸውን በልዋጭ አስመለሱ። ሽሽቱን ፍርሃት ያዛል፤ ከጠላት ጋር ተነጋግሮ ልጅን ማስመለስ ግን ልብን ገዝቶ መወሰንን ይጠይቃል።

ኋላ አሚር ኑር ድል ወንበራን አገቡ፤ በ1550ዎቹ መጀመሪያም የሐረር መሪ ሆኑ። የተረከቡት የተሸነፈና ሰዎቹን ያጣ አገር ነበር። ሐረሪዎች ጀጎል የምንለውን ግንብ የሚያያይዙት ከእሳቸው ዘመን ጋር ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አምስት በሮች አሉት፦ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ በድሪ በሪና አስማዲን በሪ። ድንጋይ ተፈልጦ፣ ተሸክሞ፣ በጭቃ ተያይዞ ነው የተሠራው። ይህን ያህል ግንብ በአንድ ቀን ድንጋጤ አይቆምም። ሠራተኛው በየማለዳው ተነሥቶ ለገዛ ልጁም ለጎረቤቱ ልጅም ብሎ መሸከም ነበረበት።

ይሁንና የአሚር ኑር ታሪክ በግንቡ አያበቃም። በ1559 ዘምተው በፈጠጋር በተደረገው ውጊያ አፄ ገላውዴዎስ ተገደሉ። አሚሩም የሁለተኛው ድል ባለቤት ተባሉ። ግን በዚያው ዘመቻ ወቅት ሐረር ራሷ ተጠቃች፤ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ሱልጣን በረካትም ተገደሉ። ወዲያው ደግሞ ከደቡብ ከሚንቀሳቀሱት የኦሮሞ ጎሳዎች ጋር ሐዘሎ ላይ ተዋግተው ብርቱ ሽንፈት ደረሰባቸው። የጠላትን ንጉሥ መግደል የራስን ከተማ አላዳነም። ደም ደምን ሲጠራ የኖረበት ያ ዘመን ለሁሉም ወገን ሐዘን ነበር። ዛሬ ሐረሪውና ኦሮሞው በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲሰግዱ፣ አላህ ልቦችን እንዴት እንደሚያስማማ እናያለን።

ከጦርነቱ ቀጥሎ የመጣው ረሃብ ነው። እርሻው ጠፍቷል፤ ሰዉ ወደ ከተማዋ ተሰብስቧል፤ የእህልና የጨው ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ሰው የሰው ሥጋ እስከ መብላት መድረሱን፣ ያውም የገዛ ቤተሰቡን፣ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ዘግበዋል። ለመጻፍም ለማንበብም ይከብዳል። ግን ለጥያቄያችን መልሱ ያለው እዚህ ነው። ደመ ነፍስ ብቻውን ሲቀር ሰውን በሕይወት ሊያቆይ ይችል ይሆናል፤ ሰውነቱን ግን ይበላበታል። ግንቡ ጦር ይመልሳል፤ በግንቡ ውስጥ ያለውን የነፍስ ስስት የሚመልሰው ግን አላህን መፍራት ብቻ ነው።

ከረሃቡ ጋር ወረርሽኝ ተከተለ። አሚር ኑርም በሂጅራ 975 ገደማ (እ.ኤ.አ. 1567-68) በዚያው በሽታ ሞቱ። ግንብ ያቆሙት መሪ ሕዝባቸው በሞተበት ደዌ ሄዱ። ከተማዋ ግን ቀረች፤ ኋላም ለረጅም ጊዜ በራሷ አሚሮች ኖረች። መቃብራቸው ዛሬም በጀጎል ውስጥ ይገኛል፤ ከሐረር ወረዳዎች አንዱም በስማቸው ይጠራል። እሳቸው አልተረፉም፤ ለሌሎች መትረፊያ የሆነው ሥራ ግን ተረፈ።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፦ የመጀመሪያው ትንፋሽ ያለ እኛ ፈቃድ የተሰጠን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን በኒያችን ይለካል። ነፍስ አማና ናት፤ ማባከንም ማጥፋትም አልተፈቀደልንም። የሌላውም ነፍስ እንዲሁ አማና ናት። ኑሮ ሲከብድ እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቅ ነጋዴ ራሴን አተርፍ ብሎ የሚያደርገው ደመ ነፍስ ነው። ከጉድለቱ ላይ ለጎረቤቱ የሚያካፍል ግን መትረፍን መርጧል፤ ለራሱም ለሌላውም። ኑሮ ያስጠላህ ቀን ደግሞ ብቻህን አትቀመጥ። ለምታምነው ሰው ተናገር፣ እርዳታ ጠይቅ፤ ነገን ለማየት መወሰንም ኢባዳ ነው።

እስከሚቀጥለው ጁሙዓ እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይ እናስቀምጥ፦ የተራበ አንድ ቤት እንጎብኝ፣ ዝም ያለ አንድ ጓደኛ እንደውል።

ያ አላህ! ነፍሳችንን ከስስት፣ አገራችንን ከረሃብና ከጦርነት ጠብቅልን። ቀደምቶቻችንን ማርልን፤ እኛንም ለሌሎች መትረፊያ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍንና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን እንዳንረሳ።