ቁርጡን ያሳወቀች ሴት፦ ክላራ ባርተን እና የጠፉ ወታደሮች ቤተሰቦች

መግቢያ

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን እሱ ሳይመለስ ቀረ። ሞቷል ብሎ ያረዳቸው የለም፤ በሕይወት አለ ብሎ የነገራቸውም የለም። መርዶ ስላልመጣ የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ እሳቸውም ለቅሶ ተቀምጠው እርማቸውን አላወጡም። ጎረቤቱም ቢሆን ላጽናናቸው ወይስ ተስፋ ልስጣቸው እያለ ግራ ይገባው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ቤታቸው ስላክ ዓይናቸው ሁልጊዜ በሩ ላይ ነበር።

ስለ ወታደር ቤተሰብ ድጋፍ ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ስንዴው፣ ዘይቱና ብሩ ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ከዚያ የሚቀድም አንድ ድጋፍ አለ፤ እሱም ቁርጡን ማሳወቅ ነው። ቁርጥ ያጠግባል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ሥራ በሰፊው የሠራችውን የክላራ ባርተንን ሕይወት ለማቅረብ እሞክራለሁ። ብዙዎቻችን የምናውቃት የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥራች በመሆኗ ነው። ከዚያ በፊት ስለሠራችው ሥራ ግን ብዙም አይወራም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቷና አስተማሪነቷ

ክላራ ባርተን በታኅሣሥ 25 ቀን 1821 በማሳቹሴትስ ግዛት ኖርዝ ኦክስፎርድ በተባለች የገጠር ከተማ ተወለደች። ለአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። አባቷ በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ ለልጃቸው የሚያወሩላት የጦር ሜዳ ታሪክ ነበር። ክላራ በጣም ዓይን አፋር ነበረች ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት ወንድሟ ዴቪድ ከጎተራ ጣራ ላይ ወድቆ ክፉኛ ታመመ፤ እሷም ለሁለት ዓመት ያህል ከአልጋው ሳትለይ አስታመመችው። የማስታመም ሙያ የተማረችው እዚያው ቤቷ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አስተማሪ ሆነች። በ1852 በኒው ጀርሲ ግዛት ቦርደንታውን ከተማ ድሆች ሳይከፍሉ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተች። በጥቂት ልጆች የጀመረው ትምህርት ቤት በመቶ በሚቆጠሩ ተማሪዎች ተሞላ። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ሲያድግ የከተማው ሰዎች በእሷ ላይ ወንድ ርእሰ መምህር ሾሙባት፤ ደመወዙም ከእሷ የሚበልጥ ነበር። ክላራ ይህን መቀበል ስላልቻለች በ1854 ትታው ሄደች።

ከዚያም ዋሽንግተን ገብታ በፓተንት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። በዚያ ዘመን ሴት በፌዴራል መሥሪያ ቤት መቀጠሯ ራሱ ብርቅ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተከፈላት ደመወዝም ከወንዶቹ እኩል ነበር። በኋላ ግን አለቆች ሲለወጡ ከደረጃዋ ዝቅ ተደረገች፣ ቀጥሎም ተባረረች፤ የተመለሰችው ሊንከን ከተመረጠ በኋላ በ1860 ነው። ይህ የጽሕፈት ሥራ እንደ ተራ ነገር ሊታይ ይችላል። ስም መመዝገብን፣ ወረቀት መለየትንና ደብዳቤ መመለስን የለመደችው ግን እዚህ ነው፤ ለኋላው ሥራዋ ትልቅ ስንቅ ሆኗታል።

ጦርነቱ ሲጀመር

በሚያዝያ 1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ከማሳቹሴትስ የተነሳው ስድስተኛው ክፍለ ጦር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ ባልቲሞር ላይ በሕዝብ ተደብድቦ ቆስሎ ገባ። ክላራ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ከወታደሮቹ መካከል የአገሯን ልጆችና ድሮ ያስተማረቻቸውን አገኘች። ልብስ፣ መርፌና ክር፣ ምግብ ከቤቷ እያወጣች ሰጠቻቸው። ቀጥላም ስለ ችግራቸው ለአገሯ ሰዎች ጻፈች። እናቶችና ሚስቶች በየመንደሩ ተሰባስበው ካልሲ እየሠሩ፣ ምግብ እያሸጉ ይልኩላት ጀመር። ቤቷ ሞልቶ መጋዘን እስከመፈለግ ደረሰች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ በመንግሥት ትእዛዝ የመጣ ሥራ አይደለም። ቤተሰብ በአንድ በኩል፣ ወታደር በሌላ በኩል ሆነው በመካከል አንዲት ሴት ድልድይ ሆነች።

በ1862 ወደ ጦር ግንባር እንድትሄድ ተፈቀደላት። በመስከረም 17 ቀን 1862 በአንቲተም ጦርነት ላይ ለአንድ ቁስለኛ ውኃ ስታጠጣ ጥይት የልብሷን እጅጌ በስቶ አልፎ ቁስለኛውን ገደለው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ለሚሞቱ ወታደሮች ለቤተሰባቸው የሚላክ መልእክት ትቀበል ነበር። የማን ልጅ እንደሞተ፣ የት እንደሞተ የምታውቀው አንዳንዴ እሷ ብቻ ነበረች።

የጠፉት ወታደሮች ቢሮ

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ከሁለቱም ወገን ከ600 ሺህ በላይ ወታደር አልቆ ነበር። በዚያን ጊዜ መንግሥት ለወታደር የሚሰጠው አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አልነበረም። ብዙው ሬሳ ያለ ስም ተቀበረ። የሰሜኑን መንግሥት ሟቾች ሰብስበው በብሔራዊ መካነ መቃብሮች ሲያሳርፏቸው እንኳ ከ300 ሺህ ያህሉ ግማሽ ለሚጠጋው ስም ሊገኝለት አልቻለም።

ይህ ለቤተሰብ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ኀዘኑ መቋጫ የለውም። ሁለተኛ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ1862 የወጣው የጡረታ ሕግ ለሞተ ተራ ወታደር ሚስት በወር 8 ዶላር ይፈቅድ ነበር። ግን ባሏ መሞቱን ማስረዳት አለባት። ጠፋ የተባለ ሰው ሚስት ባል የላትም፣ ጡረታም የላትም። ልጆቿን ይዛ በሁለት በኩል ተጎዳች ማለት ነው።

ክላራ ወሬ ፍለጋ ከየቦታው ደብዳቤ ይመጣላት ስለነበር በመጋቢት 1865 ሥራውን በይፋ ለማካሄድ የፕሬዚዳንት ሊንከንን ፈቃድ አገኘች። ዘመድ የጠፋበት ሁሉ ለእሷ እንዲጽፍ በጋዜጣ ተነገረ። ዋሽንግተን ውስጥ በሰባተኛው መንገድ በተከራየችው ክፍል ሆና ከጥቂት ጸሐፊዎች ጋር ሥራውን ጀመረች።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ቤተሰብ የወታደሩን ስም፣ ክፍለ ጦሩንና ሻምበሉን ጽፎ ይልካል። እሷ ስሞቹን በየግዛታቸው ለይታ በዝርዝር ታሳትማለች። ዝርዝሩ በየፖስታ ቤቱ ይለጠፋል፣ ለጋዜጦችም ይላካል። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ያነበውና የሚያውቀው ስም ካገኘ ያየውን ይጽፍላታል፤ እገሌ በእንዲህ ያለ ቀን አጠገቤ ወደቀ፣ እገሌን እኛ ነን የቀበርነው እያለ። እሷም ቃሉን አመሳክራ ለቤተሰቡ ታስታውቃለች። መርዶ ነጋሪዎቹ እንግዲህ የሟቹ ጓደኞች ነበሩ፤ ክላራ የሠራችው ያወቀውንና ያላወቀውን ማገናኘት ነው።

ሁሉም ወሬ ግን የሞት ወሬ አልነበረም። አንድ ወታደር ስሙን በዝርዝሩ ላይ አይቶ በሕይወት እያለ ስሙ በመለጠፉ ተቆጥቶ ጻፈላት። እሷም ቤተሰቡ በጭንቀት እየፈለገው መሆኑን ነግራ፣ መጻፍ የነበረበት ለእሷ ሳይሆን ለእነሱ እንደነበር ጠንከር ባለ ቃል መለሰችለት።

የአንደርሰንቪል መቃብሮች

ከጻፉላት መካከል ዶረንስ አትዋተር የተባለ ወጣት ይገኝበታል። አትዋተር በጆርጂያ ግዛት በአንደርሰንቪል የደቡቦች የምርኮኞች ካምፕ ታስሮ ነበር። በዚያ ካምፕ በ14 ወር ውስጥ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የሰሜን ወታደሮች በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። አትዋተር የሟቾችን መዝገብ እንዲጽፍ ስለተመደበ፣ ቤተሰቦቻቸው ሳያውቁ እንዳይቀሩ ብሎ አንድ ቅጂ በድብቅ ለራሱ ጽፎ ይዞ ወጣ።

በ1865 ክረምት ክላራና አትዋተር ከመንግሥት ከተላኩ ሠራተኞች ጋር ወደ አንደርሰንቪል ሄዱ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ከመቃብሩ ቁጥር ጋር እየተመሳከረ በየመቃብሩ ላይ ስም የተጻፈበት እንጨት ተተከለ። ስም ያልተገኘላቸው ከ500 ያነሱ ብቻ ነበሩ። በነሐሴ 17 ቀን 1865 ሥራው ሲያበቃ በመካነ መቃብሩ ላይ ባንዲራ የሰቀለችው ክላራ ነበረች።

የሚያሳዝነው ግን አትዋተር ዝርዝሩን አልመልስም በማለቱ በሌብነት ተከሶ በጦር ፍርድ ቤት ታሰረ። ክላራ ስለ እሱ ብዙ ደጅ ጠንታለች፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም ተፈታ። ዝርዝሩ በ1866 በኒውዮርክ ትሪቢዩን አማካይነት ታትሞ ለሕዝብ ደረሰ።

የቢሮው ወጪ መጀመሪያ ከክላራ ኪስ ነበር። በ1866 ምክር ቤቱ 15 ሺህ ዶላር ፈቀደላት። ያም ሆኖ ስለማይበቃ በየከተማው እየዞረች ስለ ጦርነቱ ንግግር በማድረግ ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። በልጅነቷ ሰው ፊት መቆም የምትፈራው ሴት ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ተናገረች። ቢሮው ሥራውን ሲጨርስ 63,182 ጥያቄዎች ተቀብሎ፣ 41,855 ደብዳቤዎች ጽፎ፣ ከ22 ሺህ በላይ የጠፉ ወታደሮችን መጨረሻ አሳውቆ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ሥራው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ቢሮው የሚፈልገው የሰሜኑን ጦር ወታደሮች ነበር፤ የደቡብ ወታደር እናትም ያው እናት ናት። በዚያ ላይ ምላሽ ያላገኙት ካገኙት ይበዙ ነበር።

ከቢሮው እስከ ቀይ መስቀል

በ1869 ክላራ ታማ ለዕረፍት ወደ አውሮፓ ሄደች። በጄኔቫ ስለ ቀይ መስቀልና በ1864 ስለተፈረመው ስምምነት የሰማችው ያን ጊዜ ነው። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሳ እዚያው ረዳች። በተለይ በስትራስቡርግ ለተቸገሩ ሴቶች ልብስ እየሰፉ የሚከፈላቸው የሥራ ቤት አቋቋመች። ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ሥራ ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ ነበራት።

አገሯ ተመልሳ ባለሥልጣናቱን ለዓመታት ከጎተጎተች በኋላ በግንቦት 21 ቀን 1881 የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበርን መሠረተች። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ የጄኔቫን ስምምነት ተቀበለች። በ1889 የጆንስታውን ጎርፍ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሲፈጅ ለአምስት ወር ያህል እዚያው ሰንብታ ረድታለች። በ1898 ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመት አልፏት ኩባ ጦር ሜዳ ነበረች።

በማኅበሩ አመራር ላይ ግን ሁሉን እኔ ልያዝ የምትል፣ የገንዘብ ሒሳብም በደንብ የማትይዝ ናት የሚል ወቀሳ በዛባትና በ1904 ከኃላፊነቷ ለቀቀች። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነበር ለማለት አይቻልም። ሚያዝያ 12 ቀን 1912 በሜሪላንድ ግሌን ኤኮ በሚገኘው ቤቷ በዘጠና ዓመቷ አረፈች።

በ1905 ለማኅበሩ የተሰጠው የምክር ቤት ቻርተር በሕዝቡና በጦር ኃይሉ መካከል መልእክት ማገናኘትን ከማኅበሩ ተግባሮች አንዱ አድርጎታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለወታደር ቤተሰቦች የሚሆን የአገር ቤት አገልግሎት ተቋቁሟል። ስትሠራበት የነበረው ክፍል ግን ተረስቶ ኖሮ፣ በ1996 ሕንፃው ሊፈርስ ሲል አንድ አናጢ ጣራ ሥር የቢሮውን ሰሌዳና ወረቀቶች አገኘ። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው።

ማጠቃለያ

የእኛ አገር ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1935፣ የጣልያን ወረራ በተቃረበበት ወቅት ነው። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳም የተለያዩ ቤተሰቦች ወሬ የሚለዋወጡት በቀይ መስቀል መልእክት ነበር። ሥራው ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

ከክላራ ሕይወት እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ይህ ድጋፍ ትልቅ በጀት ከመፈለጉ በፊት ስም የሚመዘግብ፣ የሚጠይቅና መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። እድራችን ድንኳን መትከል ያውቅበታል፤ ሰው ማጽናናትም ያውቅበታል። መርዶ ያልመጣለትን ቤተሰብ ግን ምን እናድርገው? በየሰፈሩ ያሉ የጠፉ ወታደሮችን ስም መዝግቦ አብሯቸው የዘመተን ሰው አፈላልጎ መጠየቅ ለእኛ ለተማሪዎች እንኳ የሚያቅት ሥራ አይመስለኝም።

እኚያ የሰፈራችን እናት ቁርጡን ሳያውቁ አረፉ። በለቅሷቸው ላይ አልቃሾቹ የልጁንም ስም እያነሱ አለቀሱ። እርሙ የወጣው ያኔ ነው፤ እሳቸው ግን አልነበሩም።