ኤሚል ሩ፦ በሽታን በእጅ ያስተማረው ሐኪም

አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባለውን ሰፈር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ሉዊ ፓስተርንም የማያውቅ የለም። ዛሬ የምናወራላችሁ ግን አጠገቡ ስለነበረውና የላብራቶሪ ሥራን ለዓለም ስላስተማረው ኤሚል ሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሩ በ1853 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1878 ፓስተር ላብራቶሪ ገባ። ፓስተር ኬሚስት እንጂ ሐኪም ስላልነበር፣ መርፌ መያዝና እንስሳ ላይ መሞከር የሚችል ሰው ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው ሩ ሆነ።

በ1883 ግብፅ ኮሌራ ገባ። ሩና ሦስት ባልደረቦቹ የበሽታውን መነሻ ሊመረምሩ እስክንድርያ ወረዱ። ከመካከላቸው ሉዊ ቱዪዬ የሚባለው ወጣት ራሱ ኮሌራ ያዘውና ሞተ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። ሌሎቹም ባክቴሪያውን ሳያገኙት ተመለሱ። በሽታን መመርመር ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ መሆኑን ሩ ያየው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የያዘው ዲፍቴሪያን ነው። እኛ አገር ዘጊ አነዳ ይሉታል፤ የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግቶ የሚያፍን በሽታ ነው። ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ ልብና ነርቭ መጎዳታቸው ነበር። በ1888 ሩና አሌክሳንደር ዬርሲን ባክቴሪያውን መረቅ ውስጥ አራቡት። ከዚያ መረቁን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጠለሉት። የተጣራውን ፈሳሽ እንስሳት ላይ ሲወጉት፣ ባክቴሪያ ሳይኖርበት ታመው ሞቱ። ገዳዩ ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነበር ማለት ነው።

በ1889 ሩ ፓሪስ በተከፈተው አዲሱ ኢንስቲትዩት ኮርስ ጀመረ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ አይበቃም ነበር። ተማሪዎቹ ሐኪሞች ቢሆኑም መረቁን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ባክቴሪያውን ያራባሉ፣ ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ረዳቱም ያው ዬርሲን ነበር።

ከዚያ የወጡትን እዩ። ዬርሲን በ1894 ሆንግ ኮንግ ሄዶ የወረርሽኙን፣ የፕሌግን፣ ባክቴሪያ አገኘ። ሻርል ኒኮል በ1909 ቱኒስ ላይ ታይፈስን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ። አልበር ካልሜት ደግሞ ከካሚል ጌራን ጋር የቲቢ ክትባት ሠራ። ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ጠባሳ ካለች ያ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የተወላችሁ ምልክት ልትሆን ትችላለች።

ሩ እያስተማረ ምርምሩንም አልተወም። ጀርመን ውስጥ ቤሪንግና ኪታሳቶ መርዙን የለመደ እንስሳ ደም መርዙን እንደሚያከሽፍ በ1890 አሳይተው ነበር። ሩ ይህንን ወደ ፈረስ አመጣው። መርዙን በትንሽ በትንሹ እየወጋ ፈረሶቹን አስለመደ፣ ከደማቸውም ሴረም አወጣ። በ1894 ፓሪስ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሰጠው። ከ100 ሕመምተኛ ሕፃናት ከ50 በላይ ይሞቱበት በነበረው ክፍል፣ ሟቾቹ ወደ 25 ገደማ ወረዱ።

በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ለቤሪንግ ተሰጠ። ሩ ብዙ ጊዜ ቢታጭም ሳያገኘው ቀረ። ትዳር አልያዘም፣ ሀብትም አላከማቸም። ከ1904 ጀምሮ ኢንስቲትዩቱን መርቶ በ1933 አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ብዙዎቻችን ማይክሮስኮፕን የምናውቀው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ሩ ግን ከ130 ዓመት በፊት የተማረ ሐኪም እንኳ በእጁ ካልሠራ በሽታን እንደማያውቅ ገብቶት ነበር። እና እናንተ ትምህርት ቤት ላብራቶሪው ክፍት ነበር ወይስ ቁልፍ? ኮመንት ላይ ንገሩን።